ጎማችሁ ደጋግሞ ከተነፈሰ ቀዳዳውን ጠይቁት

(ምስል፦ ግድግዳ የተደገፈ ብስክሌት፤ የኋላ ጎማው ተንፍሶ ተኝቷል)

በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ! እሁድ ተነፈሰ፣ ለጠፍኩት። ማክሰኞ ተነፈሰ፣ ተናድጄ አዲስ ከመነዳሪ አስገባሁ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወጣ አዲሱም ተኝቷል። ያን ቀን ብስክሌቱን እየገፋሁ መንገዱን ረገምኩ፣ ከመነዳሪውን የሠራውን ፋብሪካ ረገምኩ፣ ዕድሌንም አልማርኩትም። ጥፋቱ ግን የኔው ነበር።

ከመነዳሪውን ቀየርኩ እንጂ ጎማውን አላየሁትማ። ውስጡ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀጭን ሽቦ ተሰክታ ነበር። ከውጭ አትታይም። ጎማው ተነፍቶ ሰው ሲቀመጥበት ነው ወደ ውስጥ ብቅ ብላ የምትወጋው። ከየት መጣች ካላችሁ፣ የመኪና ጎማ በውስጡ የብረት ክር አለው፤ ጎማው ሲፈነዳና ሲበጣጠስ ክሩ መንገድ ዳር ይበተናል፣ ብስክሌተኛ ደግሞ የሚነዳው መንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ ዛሬ በዋናነት የማሳያችሁ ከመለጠፍ በፊት ያለውን ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

(ምስል፦ በቅርበት፣ ቫልቩና ጎማው ላይ የታተመው ጽሑፍ ጎን ለጎን)

ጎማው ላይ የታተመውን ስም አያችሁት? ጎማ ስትገጥሙ ጽሑፉን ሁልጊዜ በቫልቩ ትይዩ አድርጉት። ለውበት እንዳይመስላችሁ። ከመነዳሪው ሲበሳ ቀዳዳው ከቫልቩ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ትለካላችሁ፣ ከዚያ ጎማው ላይ ከጽሑፉ ተነስታችሁ ያንኑ ያህል ትሄዳላችሁ፣ የወጋው ነገር እዚያው አካባቢ ነው። ከመነዳሪው ሲወጣ ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል በግራም በቀኝም ለኩ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከመነዳሪውን ወፈር እስኪል ንፉት። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉትና ዙሩት፤ ቀጭን ንፋስ ከጣት ይልቅ በጉንጭ ይታወቃል። እምቢ ካለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋው ያጋልጠዋል።

አሁን ቀዳዳውን እዩት፤ ማን እንደበሳው ይናገራል።

(ምስል፦ ወደ ጎማው በዞረው ፊት ላይ አንድ ቀዳዳ)

አንድ ቀዳዳ፣ ያውም በውጭ በኩል፣ ከሆነ እሾህ፣ ጠርሙስ ወይም እንደኔ ሽቦ ነው። ጥጥ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ያዙና የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረጉ፤ ስለታም ነገር ካለ ክሩን ይይዘዋል። በጣት መዳሰስም ይቻላል፣ ግን ቀስ ብላችሁ፤ እኔ ጣቴን ቆርጬ ነው የተማርኩት።

(ምስል፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀዳዳዎች)

ይሄ ደግሞ የእባብ ንክሻ ይባላል። እባቡ እናንተ ናችሁ፣ አየር ስላልሞላችሁ። ጎማው ለስልሶ ሳለ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጎማው መሃል ይቆነጠጥና ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ጎማ ውስጥ እሾህ ብትፈልጉ እስከ ማታ አታገኙም። መድኃኒቱ አየር ነው። ስንት አየር? የጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ በፒኤስአይ ወይም በባር፤ 1 ባር ወደ 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን አትለፉ፣ ከዝቅተኛውም አትውረዱ። ከባድ ሰው ከቀላሉ፣ የኋላ ጎማም ከፊተኛው ትንሽ ጨመር ያለ ይፈልጋል። በአውራ ጣት ጫን አድርጎ «ደህና ነው» ማለት ግን ይቅር፤ በተለይ ቀጭን ጎማ በጣት ሲነካ ግማሽ አየሩ ወጥቶም ድንጋይ ይመስላል። ከመነዳሪ ሳይበሳም አየር ቀስ በቀስ ያሾልካል፣ ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ጌጅ ባለው መንፊያ ለኩት።

ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ማለትም ወደ ቸርኬው በዞረው ፊት ከሆነ፣ መንገዱን አትውቀሱ። ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ሽቦዎች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ጥብጣብ ቸርኬው ውስጥ አለ። እሱ ሸርተት ካለ ወይም ካረጀ ከመነዳሪው የሽቦውን ጫፍ ወይም የቀዳዳውን ጠርዝ እያሻሸ ይበሳል። ስትለጥፉ ብትውሉ ነገ ከጎኑ ይበሳል። ጥብጣቡን ቀይሩ፣ አለቀ።

ቫልቩ ሥር ከተቀደደ መለጠፊያ አይዘውም፣ ከመነዳሪውን ጣሉት። የሚቀጥለውን ስትገጥሙ ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ፤ ስትነፉም መንፊያውን አታወዛውዙ።

ልክ ጎማ እንደገጠማችሁ ወዲያው ከተነፈሰ ደግሞ... (ሳቅ) ጎማውን ከቸርኬው የምታላቅቁበት መፈልቀቂያ ነው። በብረት ወይም በፕላስቲኩ ቆንጥጣችሁታል። ሁላችንም አድርገነዋል።

(ምስል፦ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ)

መለጠፉ ቀላል ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ማስቲሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅ አትለጥፉ፤ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ድብዝዝ ሲል ነው ሰዓቱ። አብዛኛው ልጣፍ የሚለቀው በጥድፊያ ነው። ያለ ማስቲሽ የሚለጠፈው ዓይነት ቤት ለመድረስ ይጠቅማል፣ እኔ ለዘለቄታው አላምነውም።

ስትገጥሙ ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ንፉት። ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሩና ቫልቩ ጋ ጨርሱ፣ የመጨረሻዋን ጠባብ ቦታ በመዳፋችሁ እንጂ በመፈልቀቂያ አትግፉ። ከዚያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉትና ዙሪያውን እዩ፣ ከመነዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር እንዳይያዝ። ይሄ ሁሉ ቢያሰለቻችሁ፣ ድሮ የአየር ጎማ ቸርኬው ላይ የተጣበቀ እንደነበር አስቡ፤ ሚሽላን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1891 ተፈትቶ የሚገጠመውን እስኪያመጡ ድረስ ጎማ መጠገን ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነበር።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካላቆመ ጎማው ራሱ አርጅቶ ይሆናል። መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኗል? ጎኑ ላይ ክር ይታያል? ላስቲኩ ሲሳሳ እሾሁ የሚያልፈው ውፍረት ያንሳል። ቀድሞ የሚያልቀው የኋላው ነው፣ ክብደታችሁ የሚበዛው እሱ ላይ ነውና። በውስጡ መከላከያ ንብርብር ያለው ጎማ አለ፤ ከበድ ይላል፣ ፍጥነትም ትንሽ ይቀንሳል፣ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ግን እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽም አለ። ለትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል፣ ግን በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ እየጨመሩ መሄድ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ውሃው ላስቲኩን ስለሚያሟልጨው ስባሪ ጠርሙስ በቀላሉ ይገባል።

(ምስል፦ የክብሪት ሳጥን ሲከፈት)

ያቺን ሽቦ በወረንጦ ነቅዬ አወጣኋት። ይኸው፣ እስካሁን አለች። ካሜራው ራሱ በደንብ አያያትም።