ረዳት የሌለበት ከተማ

ሰላም ናችሁ ወይ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ዱባይ ትራንስፖርት ነው የማወራው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ ስንት ሰው እዚያ እንዳለ ታውቁታላችሁ። በቅርቡ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ላኩለት።

ደሴ ላይ ታክሲ ስንሳፈር ጣጣውን ሁሉ የሚጨርስልን ረዳቱ ነው። "ፒያሳ! ፒያሳ!" ብሎ ይጠራል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል፣ "ወራጅ አለ" ስንለው ያስቆማል። ዱባይ አውቶቡስም ሜትሮም (የከተማው ባቡር) ላይ ረዳት የለም። ሥራው ኖል የምትባል፣ ስትገቡም ስትወጡም ማሽን ላይ የምታስነኳት የመክፈያ ካርድ ላይ ተጥሏል፤ አዲስ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው።

ሜትሮ ጣቢያ ሄዳችሁ ከኖል ካርዶች ብርማዋን (ሲልቨር) ግዙ። 25 ድርሃም ናት፣ 19ኙ ለጉዞ ይሆናል። ከተማው ለሒሳብ በዞን ተከፋፍሏል፦ በአንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ወደ ጎረቤት ዞን 5፣ ከዚያ ካለፈ 7.50 ይቆርጣል። ስለዚህ ለደርሶ መልስ 15 ድርሃም ካለበት አብሽሩ። "ያንቺን ለሁለታችን አስነኪ፣ እኔ እከፍልሻለሁ" የሚባል ነገር ግን የለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ።

ሜትሮ ላይ ካርድ ሳያስነኩ መውጣት አይቻልም፣ በሩ አይከፈትማ። ጉዱ አውቶቡስ ላይ ነው። ስትገቡ አስነክታችኋል። ስትወርዱ በሩ ክፍት፣ ከኋላ ሰው ይገፋል፣ እጃችሁ ፌስታል ይዟል፣ ትረሱታላችሁ። ማሽኑ የት እንደወረዳችሁ ስለማያውቅ ትልቁን ዋጋ ይወስዳል። ሌላም ጉዳት አለው፦ አስነክታችሁ ወርዳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሜትሮ ብትይዙ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠርላችሁ ነበር። ለመውረድ ደግሞ ጩኸት የለም፣ ቁልፉን መጫን ነው። ሾፌሩ ጥሬ ብር አይቀበልም፤ አትለማመጡት።

ሜትሮው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ሾፌር ነው የሚሄደው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ቦታ አለው፣ ወለሉ ላይ ሮዝ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩን ያለፈ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። ማስቲካ ማኘክም እንደዚያው። እረፍታችሁ እሁድ ከሆነ ልብ በሉ፦ በሌላው ቀን ንጋት 11 ሰዓት የሚጀምረው ባቡር እሁድ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው የሚነሳው። ኤርፖርት ተርሚናል 1 እና 3 ጣቢያ አላቸው፣ ተርሚናል 2 የለውም። ሻንጣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ ብቻ፤ የነጋዴ ጆንያ ይዞ መሞከር ልፋት ነው።

ቀሪው አብራ ነው፣ በባሕር ወሽመጡ ዳርና ዳር ያሉትን ሰፈሮች፣ ዲራንና ቡር ዱባይን፣ የሚያገናኘው የእንጨት ጀልባ። እሱ ብቻ የኛን ታክሲ ይመስላል፦ ሲሞላ ይነሳል፣ ሃያ ሰው ይይዛል፣ ሒሳቡ 1 ድርሃም ነው፣ ሳንቲሙን ለጀልባ ነጂው በእጁ ትሰጡታላችሁ። መሐል ባለው አግዳሚ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት፣ ፊታችሁ ወደ ውሃው። መከለያ የለውምና ልጅ የያዘች እናት ስትሳፈር ረጋ ትበል፤ ጀልባው ከማረፊያው ጋር እየተላተመ ይወዛወዛል። ድፍን 100 ድርሃም ይዛችሁ አትምጡ። ዲራ በኩል ደግሞ ማረፊያው ሁለት ነው፣ አሮጌው ገበያና ሳብካ። ስትመለሱ የመስመሩን ስም ጠይቃችሁ ግቡ፤ አለዚያ ሌላኛው ጋ ወርዳችሁ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ በእግር ነው።