ታወሩ ቆሟል፤ ኔትወርኩስ?

ክቡራትና ክቡራን፣ በሥራ ላይ ያላችሁም በጡረታ የተሰናበታችሁም የቴሌ ሠራተኞች፣ እንደምን ዋላችሁ!

በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የስልክ መስመር ሲዘረጋ፣ ስልክ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ነገር ነበር። በ1945 ዓ.ም. ቴሌ ራሱን ችሎ ሲቋቋምም ለተራው ሰው ብዙም አልቀረበም። ሞባይል በ1991 ገባ፤ ያኔም ሲም ካርድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በኅዳር 2003 ተመሠረተ።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው በነሐሴ 2010 ነው። የሞባይል ጥሪ ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ ቀነሰ። ተፎካካሪው ሳፋሪኮም ያኔ ገና አልመጣም ነበር። ማንም ሳያስገድደው ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ደንበኛውም ገቢውም አደገ። ሰው መደወል ጠልቶ አልነበረም፣ ዋጋው ከብዶት ነው። ይህን ውሳኔ ከልቤ አደንቃለሁ፤ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ብዬም እቆጫለሁ።

በግንቦት 2013 በስልክ ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር ተጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሮ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቋረጠው ወሬ ነበር። ዛሬ ገበያው ይቆማል። በሬ የሸጠ ገበሬ ብሩ አይገባለትም። ለታመመ ሰው መድኃኒት መግዣ የተላከ ገንዘብ መንገድ ላይ ይቀራል። ምክንያቱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ የታወሩ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ይይዝና ያልቃል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል። ጥገና የሚወጣው ቴክኒሻን ደግሞ በጭቃና በጨለማ ነው የሚሄደው። ድካሙን የሚያይለት ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ አዲስ ታወር በተተከለ ቁጥር የምናጨበጭበውን ያህል፣ ለባትሪ፣ ለሶላርና ለጥገና የሚመደበውን በጀትም እንጠይቅ። ከተማ ላይ ፉክክሩ ራሱ ጥራትን ይገፋል። ሩቅ ወረዳ ላይ ግን የሚገፋ የለም። የመንግሥት ድርጅት መሆን ትርጉም የሚኖረው እዚያ ነው።

በጥቅምት 2017 የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፤ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር። አሁን ገንዘቡን ያወጣ ባለቤት አለ። አንድ ነገር ልጠይቅ። በየወሩ፣ በየወረዳው፣ ኔትወርክ ስንት ሰዓት እንደጠፋና ለምን እንደጠፋ ይፋ ይደረግ። ቁጥሩ የሚያሳፍር ቢሆንም ይውጣ። የመጀመሪያውን ሪፖርት በዚህ ዓመት ብናይ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።