የባራሂር ቀለበትና የሲልማሪየን ዘር

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ ክቡራትና ክቡራን፦

ዛሬ የምናገረው በደራሲ ምናብ ውስጥ ብቻ ስለኖረ ሕዝብ ነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ልቦለድ የመጨረሻ ቅጽ መደምደሚያ ላይ የዚህን ሕዝብ የነገሥታት ዝርዝርና የዘመን አቆጣጠር አስፍሯል። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል ይዘለዋል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠርን ከአያቶቻችን የተማርን እኛ ግን ልንዘለው አይገባም፤ ማን ከማን እንደተወለደ ሳያውቁ የዚህን ሕዝብ ውድቀትም ሆነ ትንሣኤ መረዳት አይቻልምና።

ሕዝቡ ዱኔዳይን ይባላል፤ ትርጉሙም የምዕራብ ሰዎች ማለት ነው። አባቶቻቸው ኤልፎች ከሚባሉት፣ እርጅና ከማይገድላቸው ሕዝቦች ጎን ተሰልፈው የጨለማውን ጌታ ስለተዋጉ በባሕር መካከል ያለችው የኑሜኖር ደሴት ተሰጠቻቸው፤ በዚያ ዓለም አቆጣጠር በሁለተኛው ዘመን በ32ኛው ዓመት ኤልሮስ የመጀመሪያ ንጉሣቸው ሆነ። ኤልሮስና መንትያ ወንድሙ ኤልሮንድ ግማሽ ኤልፍ ነበሩና ዕጣቸውን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ ኤልሮንድ ከኤልፎች ጋር መኖርን ሲመርጥ ኤልሮስ ሰው መሆንን መርጦ 500 ዓመት ኖሮ ሞተ።

የአራተኛው ንጉሥ የታር ኤሌንዲል የበኩር ልጅ በ521 የተወለደችው ሲልማሪየን ነበረች። ሕጉ በዚያን ጊዜ ሴት እንድትወርስ ስላልፈቀደ በትረ መንግሥቱ ለታናሽ ወንድሟ ተላለፈ። ሕጉ ከጊዜ በኋላ ተሻሽሎ ታር አንካሊሜ በ1075 በራሷ መብት ስትነግሥ እንኳ ለሲልማሪየን ልጆች የተመለሰላቸው ነገር አልነበረም። አባቷ ግን የጥንት አባታቸውን የባራሂርን ቀለበት ለእሷ ሰጣት። ቀለበቱ ዓይናቸው መረግድ የሆነ የሁለት እባቦች ቅርጽ አለው፤ አንዱ የወርቅ አበባ አክሊልን ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ይውጠዋል።

ከዙፋን የራቀው የእሷ ቤት ለኤልፎች ወዳጅነት ታማኝ ሆኖ ሲቆይ፣ የነገሡት ዘመዶቿ ሞትን እየፈሩ፣ በፍርሃታቸውም እየጨከኑ ሄዱ። የመጨረሻው ንጉሥ ሞት የማይደርስባትን ምድር በጦር ሊይዝ ሲዘምት ደሴቲቱ በ3319 ሰጠመች። በዘጠኝ መርከቦች ያመለጠው ኤሌንዲል የሲልማሪየን ዘር ነበር፤ ከልጆቹ ከኢሲልዱርና ከአናሪዮን ጋር የሰሜኑን መንግሥት አርኖርንና የደቡቡን መንግሥት ጎንዶርን መሠረተ።

የሚያሳዝነው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎንዶር ያንኑ በደል መድገሟ ነው። በሦስተኛው ዘመን በ1944 ንጉሥ ኦንዶኸር ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በጦር ሜዳ ወደቀ፤ የተረፈችው ሴት ልጁ ፊሪኤል ብቻ ነበረች። ባሏ አርቬዱይ፣ የአርኖር ወራሽና የኢሲልዱር ዘር፣ በኑሜኖር ሕግ የበኩር ልጅ ወንድም ሆነ ሴት እንደሚወርስ ጠቅሶ ዙፋኑን ጠየቀ። የጎንዶር ሸንጎ ግን ርስት የሚቆጠረው በወንድ ልጅ ብቻ ነው ብሎ ዘውዱን ለአንድ ድል አድራጊ የጦር አለቃ ሰጠ። የዚያ ሰው ልጅ በ2050 ለብቻ ፍልሚያ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ጎንዶርም 969 ዓመት ያለ ንጉሥ በእንደራሴ ተዳደረች። እኔ ይህን እንደ ሸንጎው ጥፋት እቆጥረዋለሁ፤ በእጃቸው የነበረውን መፍትሔ ስለጣሉት።

አርቬዱይም መንግሥቱ በ1974 ሲወድቅ ወደ ሰሜን ሸሽቶ በበረዶ አገር ሰዎች ዘንድ ተጠጋ። መርከብ መጥቶለት ሲሰናበታቸው ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ለአለቃቸው ሰጠው፤ ቢቸግራችሁ ዘመዶቼ የምትሹትን ሁሉ ከፍለው ይዋጁታል አለው። መርከቡ በበረዶ ተሰብሮ ንጉሡ ሰጠመ፤ ቀለበቱ ግን የብስ ላይ ቀርቶ ነበርና ወገኖቹ በኋላ ዋጁት።

ከዚያ ወዲያ ዘውድ የሌላቸው አሥራ ስድስት አለቆች ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ተከታተሉ። የመጨረሻው አራጎርን ነው፤ በሁለት ዓመቱ አባቱ ስለተገደለበት ማንነቱ ተደብቆለት በኤልሮንድ ቤት አደገ። ሃያ ዓመት ሲሞላው ኤልሮንድ በእውነተኛ ስሙ ጠራው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ነገረው፤ የባራሂርንም ቀለበት ሰጠው። የኤልሮስ ወንድም፣ ከወንድሙ ሞት ብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ፣ በሲልማሪየን በኩል የመጣውን የወንድሙን ዘር ቀለበት አስረከበ።