እኔንም ይጨምራል?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ለአዲስ ሰው ያህል፣ እኔና እናቴ በርበሬና ሽሮ በቴሌግራም ቻናል እንሸጣለን። ዛሬ ስለ ቲክቶክ ላይቭ እናወራለን ብያችሁ ነበር። እሱ ይቆየን። ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ደብተራችንን ለምትይዘው ለሒሳብ ሹሟ ነገርኳት፤ "ከፈሉ አይደል? አለቀ" አለችኝ። ታውቋታላችሁ። ከ127፣ ከቴሌብር፣ መልእክት ከገባ ለእሷ ሁሉም ነገር ያልቃል።

እማማን ታስታውሳላችሁ አይደል? ስለ ዱቤ ያወራን ጊዜ ያነሳኋቸው፣ የታችኛው በር እማማ። ጡረታቸው ሲገባ የሚከፍሉት። እናቴ በርበሬውን በፌስታል ቋጥራ "ሩጪ፣ ለእማማ አድርሺ" ትለኝ ነበር። ዋጋ አይነሳም። ስንት ኪሎ እንደሆነ እንኳ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እና ከበዓሉ በፊት የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በልጃቸው ቴሌግራም። አሁን ለገጣፎ ልጃቸው ጋ ናቸው። እኛ ደግሞ እዚህ ገላን ጉራ። ሰፈራችን ካዛንቺስ በ2017 ለልማት ሲነሳ ሁሉም በየአቅጣጫው ሄደ፤ ከእሳቸው ጋር ግን ከተማው በሙሉ መሀላችን ገባ።

መልእክቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። "ልጄ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ?" ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ዝም። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል። "ያው በርበሬ አልቆብኛል። ልጅቷ ያንቺን አነበበችልኝ። ክፍያ በቅድሚያ ነው ይላል አለችኝ።" ትንሽ ትንፋሽ። "እኔንም ይጨምራል?"

ከዚያ ደግሞ ቶሎ ብለው፣ እኔ እንዳልጨነቅ መሰለኝ፣ "ቢጨምርም ግድ የለም። ለማወቅ ነው" አሉ።

ቅሬታ የለበትም። እሱ ነው የከበደኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ አዲስ ሰው ሆነው ነው የጠየቁት፤ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ እንደሚጠይቅ ሰው።

ክፍያ በቅድሚያ የምትለዋን መስመር ለምን እንደጻፍናት ታውቃላችሁ። የውሸት ስክሪንሾት ነው። ዕቃው ሞተር ላይ ከወጣ በኋላ ሒሳቡን ስናይ ባዶ። ሥዕሉን አስተካክለው ይልካሉ፤ ስሙ አለ፣ የብር መጠኑ አለ፣ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው የባንክ ቁጥር ሳይቀር አለ። ስለዚህ እናንተም የምትሸጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ የሰው ስክሪንሾት አትመኑ። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ እዩ። እውነተኛ የመሰለ አጭር መልእክት አዘጋጅቶ የሚልክም አለ፤ ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ ተመልከቱ። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ቤቷ ውስጥ ሽሮ እያዘጋጀች ልጅ የምታሳድግ ሴት የአንድ ኪሎ ብር ሲበላባት የወር ሥራዋ ነው የሚናጋው።

ግን የበላን ሰው... ይሄን አልነገርኳችሁም። "የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ እናትሽ በደንብ ታውቀኛለች" ብሎ ነው የጻፈልኝ። የእናቴን የቤት ስም ጠርቶ። እናም ያ ሰው የወሰደው በርበሬ ብቻ አይደለም። ያን ስም ጠርቶ የሚመጣውን ሁሉ ዛሬ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሰው ቻናል ከፍተሽ ፎቶ መለጠፍ ብቻ ይመስለዋል። ኧረ ፎቶውስ! በርበሬ በእኩለ ቀን ፀሐይ ብታነሺው ቀለሙ ይቃጠላል፣ ብርቱካን ይመስላል። ማታ በአምፖል ብታነሺው ይጠቁራል። እኔ ጠዋት በረንዳው ጥላ ሳለ ነው የማነሳው፣ ነጭ ሰሃን ላይ። ያም ሆኖ "ፎቶው ላይ ቀላ ብሎ ነበር" የሚል አይጠፋም። ድሮ ቆንጠር አድርጎ ይቀምሳል፣ ያስነጥሰዋል፣ ይስቃል፣ ይገዛል። አሁን ቅምሻውን በቃል መናገር አለብኝ። ያቃጥላል? ምን ያህል? ለማን?

ቡስትም፣ ከፍሎ ማስታወቂያን ለብዙ ሰው ማሳየት ማለት ነው፣ ሞክረናል። ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ እኛ ደግሞ የዶላር ካርድ የለንም፣ ስለዚህ ካርድ ላለው ልጅ በብር ከፍለን ነው የሚያስደርግልን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቡስቱም አብሮት ወጣ። ከቡስቱ የመጣውም ሰው "ዋጋ?" ብሎ ይጠይቅና ይጠፋል። ታዲያ ትዕዛዙ በብዛት ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ከእድሩ ግሩፕ። የድሮው ሰፈር እድር። ሰዉ ተበትኖ ጥሩምባ መንፋት ሲቀር ቴሌግራም ላይ ተሰበሰበ። እዚያ ላይ እኔ አንድም ቀን ማስታወቂያ አልለጠፍኩም። ሐዘን የሚነገርበት ነው፣ አይሆንም። ግን ለቅሶ ቤት ተገናኝተው "ሽሮ ከማን ነው?" ሲባባሉ ስሜ ይነሳል፤ ማታ መልእክት ይገባልኛል። ኔትወርኪንግ ሲሉ እኔ እሱን ነው የማውቀው።

ደግሞ ስለዚህ ሳስብ 2015 ትዝ አለኝ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ተገድበው የነበረ ጊዜ። ያኔ ቪፒኤን የሌለው ደንበኛ በእግሩ ይመጣ ነበር። በሩን ያውቀዋል። ምንም አልመሰለንም። ዛሬ ቢሆንስ? ማን ገላን ጉራ ድረስ ይመጣል? ቻናል ላይ ያለ ሰው ስልኩ አይታየኝም። በሺህ ቢቆጠርም፣ ቻናሉ ከጠፋ በምን አገኘዋለሁ? ለዚህ ነው ሒሳብ ሹሟ ያዘዘ ሰው ሁሉ ስልኩንና ሰፈሩን ደብተር ላይ የምትጽፈው። ሳቅንባት ነበር። አሁን አልስቅም። በሰፈር በሰፈር ስለከፈለችው ወደ አንድ መስመር የሚሄደውን ሰብስበን በአንድ ሞተር እንልካለን። ከዚህ ለገጣፎ ለአንድ ሰው ብቻ ሞተር መላክ ያስደነግጣል።

እና እማማ...

መልስ እየቀዳሁ ነበር። "እማማ፣ ኧረ እርስዎን አይጨምርም፣ ምን ነካዎት" እያልኩ። አልጨረስኩትም፣ ስልኩ ነዘረ፤ 127። ገንዘቡ ገባ። በልጃቸው ስም። የሞተሩንም ጨምረው።

የጀመርኩትን አጠፋሁት። ምን ብዬ ልላከው? ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ተከፈለ። በርበሬውን ላክሁ፣ እናቴ ምርቃት ጨመረችበት፣ ደረሰ። "ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

እኔ የሚመስለኝ... ድሮ ዕዳው ነበር የሚያመጣቸው። ጡረታ የወጣ ቀን ሊከፍሉ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ አይነሱም። ከፍለው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ይዘው ነው፤ ሒሳቡ ዘግቶ አያውቅም። አሁን ዘጋ። ማንም ማንንም የሚፈልግበት ምክንያት የለም። ወይም እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው። ምናልባት እሳቸው ቀልሏቸው ይሆናል። የሰው ዱቤ ይዞ ማደር ለእሳቸውም ቀላል አልነበረም ይሆናል፤ ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

አንዲት የንግድ ሥልጠና የወሰደች ጓደኛዬ "ለሁሉም አንድ ሕግ ነው፣ ፕሮፌሽናል ማለት እሱ ነው" አለችኝ። ተናደድኩ። እውነቷን ስለሆነም ነው መሰለኝ የተናደድኩት። ግን እማማ እኮ እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ እህቴን አዝለው የዋሉ ሰው ናቸው። እሱን የት አምድ ላይ ነው የምጽፈው?

"የድሮ ሰፈር ሰው በዱቤ" ብዬ ልጻፍ አልኩ። ሒሳብ ሹሟ "ያ ሌባስ የድሮ ሰፈር ሰው አልነበረም?" አለች። ዝም አልኩ። ለሚታወቁት ብቻ ሌላ ግሩፕ ልክፈት ደግሞ አልኩ። ያኔ ያልገባው "እኔን ለምን?" ይላል። እናቴን ብጠይቃት "ደውይላቸው" ብቻ አለች። ደውዬስ? "ያኔ የከፈሉት አያስፈልግም ነበር" ልበላቸው? ብሩን ልመልስ? እሱማ ስድብ ነው። ወይስ ምንም ሳላነሳ "እንዴት ነዎት" ብቻ? እሺ፣ ያ ይሻላል መሰለኝ። ግን "ምን ፈለግሽ?" ቢሉኝ...

ቆይ፣ ሞተረኛው እየደወለ ነው። ብሎኩ ጠፍቶበታል መሰለኝ፤ ሎኬሽን ልኬለት ነበር እኮ። ልውረድለት። እናንተ ግን፣ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ፣ ምን እንደምታደርጉ በድምፅ ላኩልኝ። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሄሎ? አዎ፣ መጣሁ፣ መጣሁ፣ ከውሃ ታንከሩ ጋ ቁም...