ክትባቱን በረዶ እንዳይነካው፦ በጅማ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ወደ ጅማ በደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስለሆነ አላነበውም። የማነሳው ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ፣ ከዚያም ወደ ጎጥ የሚወርደውን ክትባት ነው።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ ሲባል ሁላችንም ሙቀቱን እንፈራለን፤ ብርዱን ግን እንንቃለን። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታ፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪና የቴታነስ ክትባት በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው። ብልቃጡ ላይ ያለው ቀለም የሚቀይር ምልክት፣ ቪቪኤም፣ የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ አያስጠነቅቀንም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በጠዋት ጥድፊያ፣ ውሃ የተሞላው ማቀዝቀዣ አይስ ፓክ ከፍሪዘር እንደወጣ ክትባት መያዣው ሳጥን፣ ቫክሲን ካሪየር፣ ውስጥ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩት፤ ስትወዘውዙት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ጠብቁ። ጊዜው እንደ አየሩ ስለሚለያይ ሰዓት ሳይሆን ጆሯችሁን እመኑ። ብልቃጡ በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት ምርመራ አያስፈልገውም፣ ይወገድ። ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ ከዚያው አምራችና ባች (የምርት ምድብ) አንድ ብልቃጥ ሆን ብላችሁ በረዶ አድርጉና አቅልጡ። ሁለቱን አብራችሁ ወዝውዙና ጎን ለጎን አቁሙ። የተጠረጠረው ዝቃጭ የዚያኛውን ያህል ወይም ከዚያ ፈጥኖ ከወረደ አትጠቀሙበት።

ሌላው ለዐሥር ሕፃን የሚበቃው የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ነው። ዐሥር ሕፃን ካልሞላ አይከፈትም የሚል ልማድ አለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ብክነት ሲመዘገብ ማን እንደሚጠየቅ እናውቃለን። ግን ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ የመጣች እናት «ሳምንት ተመለሺ» ከተባለች ላትመለስ ትችላለች። ለአንድ ሕፃንም ይከፈት፤ ብክነቱን ለወረዳ ማስረዳት የእኛ የአመራሮቹ ሥራ ይሁን። ዱቄቱ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችል በ6 ሰዓት ውስጥ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ በቀደመው ይጣል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ ቢሲጂም እንዲሁ።

በመጨረሻ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እናቶቻችን ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። በጎማና በማና ወረዳዎች በዚያ ወቅት «ማክሰኞ ጠዋት ጤና ኬላ» ብሎ መለጠፍ ብቻውን ሰው አያመጣም። ክትባቱ ለቀማው ወዳለበት ሰፈርና ወደ ገበያ ቀን ይዙር። ከሌላ አካባቢ ለለቀማ የመጡ ሠራተኞች ልጆች በቤተሰብ መዝገባችን ላይ ስለማይኖሩ ዕቅዱ ሲወጣ ለብቻ ይቆጠሩ። ከሰዓት በኋላ በምናደርገው ውይይት እያንዳንዱ ወረዳ የሦስቱን ወር መርሐ ግብር ይዞ ይቅረብ።

ጉባኤው ተከፍቷል።