«ገባኝ» ያለው ሰውዬ

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዶሮው ዛሬም አለ። ለጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ ፋሲካንም አልፏል።

ዛሬም ስለዚያው መጽሐፍ ነው። ብሔራዊ አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት የገዛሁት አሮጌው «ፍቅር እስከ መቃብር»። «አንብበኸው የለ እንዴ፣ ስንቴ ትገዛለህ?» ብላችሁኛል። አንብቤዋለሁ፣ ሦስቴ፣ ብዬ እዚሁ ማይክ ላይ ፎክሬያለሁ። መጀመሪያ የታተመው በ1958 ነው። የኔው የትኛው እትም እንደሆነ አይታወቅም፤ የፊት ገጾቹ ተቀድደዋል። ከነባለቤቱ ስም፣ መሰለኝ።

የገዛሁትማ የድሮ ባለቤቱ በእርሳስ እየጻፈ ስላነበበው ነው። ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ ብቻ «ሰውዬው» እያልኩ ለምጄዋለሁ። ጉዱ ካሣ ከበዛብህ ጋር የሚያወራበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ጠርዙ ላይ «እንዴት?» ብሏል። ሌላ ምንም የለም። እሺ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ስንትና ስንት ገጽ ቆይቶ፣ ሰብለ መነኩሴ መስላ በእግሯ ስትጓዝ፣ ጠርዙ ላይ «ገባኝ»።

ምኑ ነው የገባው?

ገጹን ደግሜ አነበብኩት። መንገድ ነው፣ ድካም ነው፣ በቃ። ወደ «እንዴት?» ተመለስኩ። ጣቴን እዚያ ሰክቼ ወደ «ገባኝ» ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። እርሳሱ «ገባኝ» ላይ ጠንከር ተደርጎ ተይዟል፤ ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣት ብትዳብሱት ይታወቃችኋል። ደስ ብሎት ነው ማለት ነው። ወይ ተናዶ። አሁን ሳስበው ተናዶም ሊሆን ይችላል።

እኔ ግን ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። በሬዲዮው ትረካ። መጽሐፉን ገልጬ እንኳ የሚያነብልኝ እሱ ነው። ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን! እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ሬዲዮኑ ጋ ትቆማለች፣ ሽንኩርቱ ያርራል። ያረረ ሽንኩርት በልተን ነው ያደግነው። አንድም ሰው አያማርርም፣ ሁሉም ሲያዳምጥ ነበራ።

ግን ድምፅ አይጠብቅም። «እንዴት?» ስትሉት ሄዷል።

ቄስ ትምህርት ቤት ቁጥር ስንቆጥር፣ በስንደዶ ፊደሏን እየነካን ነበር። አንድ በአንድ። ከዚያ የንባቡ ደረጃዎች፦ ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። ቁም ንባብ የደረሰ ልጅ ሲያንበለብለው እንዴት እንደምንቀናበት! እኔም ደርሼ መልእክተ ዮሐንስን ውሃ አደረግኩት። ምን ይላል ብትሉኝ ግን በግእዝ ቋንቋ ነው፣ ማን ነግሮኝ? «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል የሚያገላብጡት መጻሕፍት ቤት፣ ትርጓሜ የሚማሩበት፣ የገቡት ናቸው። እኔ ቁም ንባብ ላይ ተውኩት። ምናልባት አሁንም እዚያው ነኝ። ምናልባት። ቢጫ ማድመቂያዬን ታስታውሳላችሁ፤ መጽሐፎቼ ሁሉ አልጫ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ከተቀባው ውስጥ አንድ መስመር ንገረን ብትሉኝ... አትበሉኝ።

ትናንት ማታ መጽሐፉን ዘጋሁና ለራሴ ላወራው ሞከርኩ። ጉዱ ካሣ እዚያ ጋ ምን አለ? የወጋየሁ ድምፅ መጣ፤ ቃሉ አልመጣም። ያስቃል። አይ፣ አያስቅም፣ ትንሽ አስደነገጠኝ።

እና እርሳስ ገዛሁ። ሳቁ። «ገባኝ» ከሚለው ሥር በትንሹ «ምኑ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አፈርኩ መሰለኝ፣ አጠፋሁት። የሰው ደብዳቤ ላይ የጻፍኩ መሰለኝ። ግን አልጠፋም፣ ምልክቱ አለ፣ በጣት ሲዳበስ...

ወይስ ሰውዬው ስለ መጽሐፉ ባይሆንስ? የራሱ ጉዳይ ቢሆንስ የገባው? ሰብለ ስትሄድ እያየ፣ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ... ቆይ። ዶሮው ጀመረ። ቆይ መስኮቱን ልዝጋው፣ እመለሳለሁ...