ባሕር ዳር፦ ጠዋት ሐይቁ፣ ከሰዓት የብሱ

[ምስል፦ የጣና ዳርቻ በማለዳ። ውሃው ረግቷል፤ አንድ ታንኳ ያልፋል።]

ባሕር ዳር ለሚመጣ እንግዳ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የቦታ ስም ነው፦ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ ቤዛዊት። ስሞቹ ልክ ናቸው፤ የሚረሳው ሰዓቱና ወሩ ነው። እዚህ የሐይቁን ጉዞ የሚወስነው ነፋስ ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ የሚወስነው ደግሞ ወሩና የተለቀቀው ውሃ ነው።

ከነፋሱ እንጀምር። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንደ ምጣድ ሰፊ እንጂ ጎድጓዳ አይደለም። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። በየብሱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ይተካዋል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭር፣ ተደጋጋሚና ቁጡ ይሆናል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ 6 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ረፋዱን ቁርስ ላይ ያሳለፈ ሰው ሲመለስ ልብሱን ለብሶ ይታጠባል።

[ምስል፦ የጀልባ ማቆሚያ። ባለጀልባና ተሳፋሪ ይነጋገራሉ።]

የሞተር ጀልባ ብዙውን ጊዜ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉ ጀልባ ነው። ለአራትና ለአምስት ሆኖ መሄድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ጭቅጭቅ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ሳይሆን ዋጋው በሚሸፍነው ነገር ላይ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት የትኞቹ ገዳማት እንደሚካተቱ፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ አስጎብኚ ካለ ክፍያው ለብቻ መሆኑን ተነጋገሩ። የገዳማቱ የመግቢያ ክፍያ ከጀልባው ጋር አይገናኝም፤ በየደጁ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ዝርዝር ብር ያዙ።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ላይ አታስቀምጡት፤ ልበሱት። መቆለፊያው የማይይዝ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ጃኬቱ ካልጠበቀ ውሃ ውስጥ ሽቅብ ይወጣና ሰውየውን ወደ ታች ይለቀዋል።

[ምስል፦ ዘጌ። በቡና ደን ውስጥ የሚወጣ የእግር መንገድ።]

ዘጌ ልሳነ ምድር ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በቆየው ልማድ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጀልባው ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምትወጡት በዚህ ጥላ ሥር ነው። መንገዱ ድንጋይና ሥር የበዛበት ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይሆንም። አዝዋ ማርያም ለጀልባ ማቆሚያው ቅርብ ናት፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል። በአንድ ጉዞ ከዚያ በላይ ገዳም መጨመር ግን አያዋጣም። በሦስተኛው ላይ ዓይን ይደክማል፣ ነፋሱም ይደርሳል።

ኡራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። አብዛኞቹ የተሣሉት በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ስለሆነ እጅ ሲነካቸው ይላጣሉ። ፍላሽ ማብራትም ሆነ በጣት እጠቁማለሁ ብሎ መንካት ክልክል ነው። ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ለሴቶች ነጠላ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ላይ አንድ ነገር አለ። በጾም ወራት ቅዳሴ የሚገባው በቀትር ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ጎብኚ ደጅ ላይ ይቀራል። የካቲት 16 ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። ሥዕሉን ተረጋግቶ ማየት የሚፈልግ ያን ቀን አይሂድ፤ በዓሉን ማየት የሚፈልግ ግን እንዳያመልጠው።

ሴቶች ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ እወቁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴቶችም ክፍት ናት። ዳጋ ሩቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ስለሆነ ከዘጌ ጋር አትደርቡት።

[ምስል፦ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት። የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ።]

ጊዜ ያጠረው ሰው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታና ደብረ ማርያምን በሁለት ሰዓት ያህል አይቶ ይመለሳል። ጉማሬ በብዛት የሚታየው በዚሁ በኩል ነው። ባለጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ከሩቅ እንዲያቆም ንገሩት፤ “ትንሽ ጠጋ በል” የሚል ተሳፋሪ ሌላውን ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ወጥቶ ሲነጋ ወደ ውሃው ይመለሳል። በማለዳ ዳርቻውን በእግር የምትሄዱ ከሆነ በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ።

ታንኳውን የሚሠሩት በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ ከደንገል ታስሮ ይሠራል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ይደርቃል። ለፎቶ ዳርቻው ላይ መቀመጥ በቂ ነው። ወደ መሐል መውጣት ለለመደው ሰው ይቅር።

መዋኘት? አይመከርም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሕዋሱ በዝግታ በሚሄድ፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁ ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አድርቁት።

[ምስል፦ ጢስ ዓባይ በመስከረም፤ ቀጥሎ በሚያዝያ።]

አሁን ወደ ፏፏቴው። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ውሃው ወደ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። በቪዲዮ ያያችሁትና ደርሳችሁ የምታዩት የማይመሳሰሉት ውሃው ላይኛው በኩል ስለሚከፋፈል ነው። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ጨረጨራ ላይ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ በር መጠኑን ይወስናል። ከዚያ የወረደው ውሃ ፏፏቴው ሳይደርስ ወደ ጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ሊጠለፍ ይችላል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራብ በኩል ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል።

ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። በበጋው ገደሉ ላይ ቀጭን ጅረት ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጢስ ዓባይ ከተማ ያለ ሰው ወይም በዕለቱ የተመላለሰ ሾፌር ስለ ውሃው ትክክለኛውን ይነግራችኋል። በሚያዝያ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ያን ቀን ለዘጌ ቢሰጠው ይሻላል። መንገዱ ክፍት መሆኑንም በዚያው ዕለት ጠዋት አጣሩ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም።

ትኬቱ የሚቆረጠው ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሳትቆርጡ ወደ እግር መንገዱ አትውረዱ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ወርዶ ዳገት ይወጣል። ሌላው ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ ይደርሳል። በድልድዩ ሄዶ በጀልባው መመለስ ጥሩ ነው፤ ዳገቱን ጉልበት ሳይደክም ትጨርሱታላችሁ። ወንዙ በጣም ሲሞላ ግን ጀልባው ሊቆም ስለሚችል በመጡበት መመለስ እንዳለ አስባችሁ ሰዓት ያዙ። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፤ ፏፏቴው በሞላ ጊዜ ጢሱ ከሩቅ ያረጥባል። ቀስተ ደመናው የሚታየው ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ነው።

[ምስል፦ ዘንባባ የተተከለበት ጎዳና፤ ብስክሌተኞች።]

ከሰዓቱ የብስክሌት ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ጎዳናው ጥላ አለው። ስትከራዩ የፊትና የኋላ ፍሬኑን ለየብቻ ያዙት፣ ጎማውን ጫን በሉት፣ ሰንሰለቱን አንድ ዙር አዙሩት። ለመያዣ መታወቂያ ከተጠየቃችሁ የምትመልሱበትን ሰዓት ተስማሙ፤ ሱቁ ከተዘጋ መታወቂያው እዚያው ያድራል።

ወደ ቤዛዊት ኮረብታ 10 ሰዓት ላይ ተነሡ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ከሆነ የመጨረሻውን ዳገት ገፍታችሁ ውጡ። ከላይ ዓባይ ሲጠማዘዝ፣ ከተማውና ሐይቁ ይታያሉ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የሚጠበቅ ስለሆነ ካሜራውን ወደ ወንዙ አዙሩ። ቁልቁለቱን ሳይመሽ ውረዱት፤ መብራት የሌለውን ብስክሌት ባጃጅ አያየውም።